ወደ ጉድጓድ የተወረወረ ብር

አንድ ገበሬ በጠዋት ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት መጣ። መሬቱ ለመንገድ ሥራ ተወስዶበት ካሳው ባንክ ገብቶለት ነበር። ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ለንብ ቀፎ የሚሆን ሸምበቆ ይሰነጥቃሉ። ገበሬው ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«አባቴ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። «ይህን ያህል ብር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እኔም አይቼ አላውቅም። አሁን አሳይቼ ባካፍላቸው ያባክኑታል ብዬ እፈራለሁ። እስኪበስሉ ብደብቃቸው ደግሞ አንድ ቀን ከሰው ሰምተው ይጠሉኛል። የቱ ይሻለኛል? ላሳያቸው ወይስ ልደብቃቸው?»

ሽማግሌው ቢላዋቸውን ከጎናቸው አስቀመጡና እንዲህ አሉት።

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። ዘመኑ የጠገራ ብር ዘመን ነው፤ አገሩ ውሃ የራቀበት ቆላ ነው። ሚስቱ ሁለት ልጆች ጥላበት ሞታለች፤ ትርንጎ የምትባል ሴት ልጅና አስናቀ የሚባል ታናሽ ወንድሟን። ሰውየው ከታች ይቆፍራል፤ ልጆቹ ከላይ ሆነው አፈሩን በአቁማዳ እየሳቡ ያወጣሉ። መዳፋቸው በገመድ ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተልጦ እንደ ጫማ ሶል ሆኖ ነበር።

ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ዝም አይልም። ስለ ጎረቤት ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ያንጎራጉራል። ልጆቹን «ድምፄ ሲጠፋ ያኔ ፍሩ» ብሏቸዋል። ሌላም ነገር አስተምሯቸዋል። አፈሩ በተደረመሰ ጊዜ ከአፋፉ ላይ መቆም እንደሌለባቸው፣ ይልቁንም የተቀበረን ሰው አፈሩ ሳይነሳለት በገመድ መሳብ ማለት መግደል እንደሆነ ነግሯቸዋል። ልጆቹ ይህን የተማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው።

አንድ ቀን በአንድ ሀብታም ሰው መሬት ላይ ሲቆፍር መቆፈሪያው ሸክላ መታ። ገንቦ ነው። ሲሰብረው ብር ዘረገፈ። ሀብታሙ ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀምጦ «መሬቱ የኔ፣ ድካሙ የእሱ» አለና ለሁለት ተካፈሉ። ቆፋሪው የድርሻውን በአቁማዳ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። አፈር ሲወጣበት የኖረው ያው አቁማዳ ነው።

ሰውየው በዚያው ቀን ያደረገውን ስማ። ገመዱን ከግድግዳው ላይ አወረደና ይመር ለሚባል የሥራ ባልደረባው ሰጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ ገመድ አይነኩም» አለ። ከዚያ ብሩን ሳጥን ውስጥ ከተተ፤ ሳጥኑ ቁልፍ የለውም። ልጆቹን ጠራና «የፈለጋችሁትን ውሰዱ። እኔን አትጠይቁኝ። እናታችሁ ቁራጭ ጨርቅ እያማራት ነው የሞተችው» አላቸው። ይህን ሲል አለቀሰ።

በመጀመሪያው ወር ልጆቹ ሳጥኑን ፈሩት። ትርንጎ አንድ ብር ወስዳ ሻሽ ገዛችና መልሱን ይዛ መጣች። አባቷ መልሱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ለምን አመጣሽው?» አላት።

«የተረፈ ነው፣ አባዬ።»

«የቆፋሪ ልጅነትሽን ለገበያተኛው ሁሉ ለማሳየት ነው? ሁለተኛ መልስ ይዘሽ እንዳትመጪ።»

ልጅቷ አፈረች። ከዚያ ወዲያ መልስ ይዛ አልመጣችም።

ዓመት ሳይሞላ መዳፏ ለሰለሰ። አስናቀ ኮርቻዋ ባለጌጥ የሆነ በቅሎ ገዛ፤ በቅሎዋን ተከትለው አራት ጓደኞች መጡለት። ትርንጎ ውሃ የሚቀዱላት ሴቶች ቀጠረች። ገበያ ስትወጣ ዋጋ አትጠይቅም። አንድ ቀን ቅቤ ሻጯ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ተያት፣ እሷ ስንት ነው አትልም» ስትል ሰማች፤ ያሞገሰቻት መሰላትና ደስ አላት። ከቤታቸው በታች የሚኖረውን ይመርን መንገድ ላይ ስታገኘው ግን አንገቷን ትሰብራለች። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቀውም ነበር። ይመር ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ ወንዝ ያሻገራት ሰው ነው።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። መስከረም ጠብቶ አባትየው የማኅበር ተራው ደረሰ። ትርንጎ የማኅበሩ ሰዎች ከግቢያቸው ከተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ቢጠጡ ብላ ተመኘች። በዚያ አገር በግቢው ጉድጓድ ያለው ሀብታሙ ሰውዬ ብቻ ነው። ለአባቷ ስትነግረው አፈሩን በእግሩ ረገጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ገና የክረምቱን ውሃ እንደያዘ ነው። ጥቅምት ይለፍ፣ አፈሩ ይጠና። ያኔ ይቆፈራል።»

ከዚያ በሩቅ አገር ዘመድ ሞቶበት ለለቅሶ ሄደ።

እሱ በሄደ ማግስት ልጆቹ ይመርን አስጠሩት። ይመር መጣ። ግቢውን ዞሮ አየ፤ አፈሩን በእጁ ጨበጠው። አባታቸው ያለውን አለ። አስናቀ ሁለት እጥፍ እንከፍላለን አለው። ይመር በክረምቱ በሬው ሞቶበታል፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። «እንግዲያው ላይ ላዩን እጀምራለሁ» አለና ጀመረ። አፈሩን የአስናቀ ጓደኞች አሽከሮች ይስቡለታል። ሁለት ቀን ጠንካራ ዋልካ ቆፈረ። በሦስተኛው ቀን አሥራ አምስት ክንድ ያህል ሲደርስ ድንገት ከታች ገመዱን ነቀነቀና ወጣ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እርጥብ አሸዋ ለብሷል።

«አሸዋ ላይ ደርሻለሁ» አለ። «ግድግዳው ያልበዋል። ከዚህ በታች ያለ እንጨት ድጋፍ አይኬድም።»

«እንጨቱ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችው ትርንጎ።

«ቆርጦ፣ አጓጉዞ፣ ገጥሞ… አራት ቀን።»

«ማኅበሩ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፣ ጋሼ ይመር።»

«ማኅበሩ የወንዝ ውሃ ይጠጣል፣ ልጄ። እስከ ዛሬስ የጠጣው ምን ነበር?»

የአስናቀ ጓደኞች ሳቁ። አስናቀ ሳቁ በእሱ ላይ የተሳቀ መሰለው። እጁን ኪሱ ከተተና አንድ ብር አወጣ፤ ወደ ጉድጓዱ ወረወረው። ብሩ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መትቶ ታች ደረሰ።

«ብር ወድቆብኛል» አለ። «ያገኘው ሰው ይውሰደው።»

 አስናቀ ሁለተኛውን ወረወረ። ሦስተኛውን ወረወረ። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ።

«ልጄ፣ አትጫወትብኝ» አለ ይመር፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል። ዓይኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ መልካም በሬ በአምስት ብር ይገኝ ነበር።

ትርንጎ ዓይኑ የት እንዳለ አየች። ሌሎቹ አላዩም፤ እሷ ግን አየች፤ በሬው መሞቱንም ታውቃለች። ከመቀነቷ ሁለት ብር ፈታች። እንደ ወንድሟ አልሳቀችም፤ ቀስ ብላ አንድ በአንድ ለቀቀቻቸው።

«አንድ ክንድ ብቻ፣ ጋሼ ይመር» አለችው። «ውሃው እኮ እግርህ ሥር ነው።»

ይመር ቀና ብሎ አያት።

«አባትሽ እዚህ ቆሞ ቢሆን ይህን ትጠይቂኝ ነበር?»

 ትርንጎ ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረች። ሰውየው ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረና ወረደ።

እሷም ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች። ከታች የመቆፈሪያው ድምፅ ይሰማል። ይመርም እንደ አባቷ እየሠራ ያወራል። «አንዷን አገኘኋት!» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ሁለተኛዋም ይቺት!» አለ። አምስቱንም አንድ በአንድ እየጠራ ከአሸዋው ለቀማቸው። ከዚያ ስለ በሬ ቀለም ማውራት ጀመረ፤ ቡላ በሬ ይሻላል ወይስ ጥቁር። ትርንጎ ሳታውቀው ፈገግ አለች። ጥቁር ይሻላል ልትለው አፏን ስትከፍት ድምፁ ጠፋ።

ጎተራ ሲተረተር እህሉ እንደሚፈሰው ያለ ድምፅ ተሰማ። ብዙ አልቆየም። ከጉድጓዱ አፍ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ወጥቶ ፊቷን መታት።

ሁሉም ጮኸ፤ ሁሉም ሮጦ አፋፉ ላይ ቆመ። ከእግራቸው ሥር አፈር እየተቆረሰ መውረድ ጀመረ። «ራቁ! ከአፋፉ ራቁ!» ብላ ትርንጎ ጮኸች፤ በሁለት እጇ እየገፋች መለሰቻቸው። አስናቀና አሽከሮቹ ገመዱን ይዘው በሙሉ ኃይላቸው ሳቡ። ገመዱ ተወጠረ። ከታች የሰው ጩኸት መጣ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ሰምታ አታውቅም። ሮጣ የወንድሟን እጅ በጡጫ መታችው።

«ልቀቅ! ለሁለት ትከፍለዋለህ! አፈሩ ሳይነሳለት አይሳብም፤ ረሳኸው?»

አስናቀ ለቀቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ቤት ሮጠና የብሩን ሳጥን ከአንድ አሽከር ጋር ተሸክሞ መጣ። ግቢው መሐል ገለበጠው።

«ለሚወርድ ሰው አሥር ብር!» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ሃያ! ሃምሳ!»

ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በጩኸቱ የተሰበሰበ መንገደኛ መጣና ብሩን አየ፤ ወደ ጉድጓዱ ተጠግቶ ጆሮውን ሰጠ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ልጆች አሉኝ» አለና ወደ ኋላው ተመለሰ።

«ሁሉንም!» አለ አስናቀ እያለቀሰ። «ሁሉንም ውሰዱት!»

«አንተው አትወርድም?» አለው ከጓደኞቹ አንዱ።

በዚህ መሐል ከታች ሳል ተሰማ። በሕይወት አለ። ትርንጎ የሐር ጥለት ያለበትን ነጠላዋን ጣለች። አምባሯን አወለቀች። ትርፍ ገመድ አነሣችና አባቷ ያስር እንደነበረው ብብቷ ሥር አዙራ አሰረች። ጣቶቿ አሠራሩን አልረሱትም ነበር።

«አብደሻል» አላት ወንድሟ።

«ገመዱን ከዚያ ዛፍ ግንድ ጋር አዙረህ ያዝ። ቀስ እያልክ ልቀቅልኝ። ሳልጠራህ እንዳትስበኝ። ሌላውን ሰው ሁሉ አርቅልኝ።»

ወረደች።

ታች ስትደርስ ሰማዩ የእንቅብ አፍ አክሎ ታያት። ይመር እስከ ደረቱ ተቀብሯል። ግራ እጁ ውጭ ነው፤ ቀኙ አፈር ውስጥ ነው። ዓይኑን ገልጦ አያትና «አንቺ ነሽ?» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ለመናገር ትንፋሽ አጠረው። በአካፋ መሥራት አትችልም፤ ቦታ የለም። በእጇ መጫር ጀመረች። የምታወጣውን ወደ ጎን ትገፋዋለች። ከላይ በየጊዜው ጭብጥ ጭብጥ አፈር ይወርድባታል። አፈር በወረደ ቁጥር ትቆማለች፤ ሲቆም ትጀምራለች። የለሰለሰው መዳፏ ወዲያው ተላጠ።

ደረቱን ነፃ አወጣች። ወደ ወገቡ ስትደርስ ከላይ አንድ ድምፅ ሰማች። የአባቷ ድምፅ ነው። ከለቅሶው ሲመለስ ነው የደረሰው።

«ትርንጎ!»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራት።  ትርንጎ እጇን አቆመች። ውጪ ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ ውጪ ቢላት ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ከላይ ያለው ዝምታ ረዘመባት። በኋላ አባቷ በሥራ ድምፁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ያወራ በነበረበት ድምፅ ተናገረ።

«የት ድረስ ነው የተቀበረው?»

«ወገቡ ላይ ደርሻለሁ፣ አባዬ!»

«ከፊቱ ጫሪ፤ ከጀርባው ያለውን አትንኪ፤ ጀርባው ደግፎታል። ድምፅሽን እንዳታጠፊ። ማንኛውንም ነገር እያልሽ ሥሪ።»

ምን እንደምትል ቸገራት። ስትጭር የምታገኘውን መናገር ጀመረች፤ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ቀበቶ፣ ክርን። ቀኝ ክንዱን ከነመዳፉ አወጣችው። መዳፉ ተጨብጧል።

ሁለተኛ ገመድ ከላይ ወረደላት። በይመር ብብት ሥር አሳለፈች፤ ቋጠረች። አንዱ እግሩ ተላቅቋል፤ ሌላው ድንጋይ ሥር ተጣሟል። ድንጋዩን ስትገፋ ጮኸ፤ ግን ለቀቀው።

«ጋሼ ይመር፣ በሁለት እጅህ ገመዱን ያዝ። ብብትህ ብቻውን አይችልህም።»

በግራ እጁ ያዘ። ቀኙ እንደተጨበጠ ነው።

«ቀኝህንም!»

«አልችልም» አለ። «ብሮቹ አሉበት።»

መጀመሪያ አልገባትም። «ጣላቸው!» አለችው።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከንፈሩ በአሸዋ ደርቋል። «በሬዬ ነው፣ ልጄ» አላት። «ጣለው አትበዪኝ። እዚህ የወረድኩት ለእሱ ነው።»

ከላይ ቁራጭ አፈር ወርዶ በመካከላቸው ፈረጠ። አባቷ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ይጣራል። ትርንጎ የሰውየውን ጭብጥ እጅ አየች። ጣቶቹ ደም ለብሰዋል፤ አንዱ ጥፍር ተነቅሏል። እሷ ያን ብር በሁለት ጣቷ ይዛ ነበር የለቀቀችው።

ልትቆጣው ፈለገች፤ አልሆነላትም። ጣቶቹን በኃይል ፈልቅቃ ልትጥላቸው ትችል ነበር፤ ያንንም አላደረገችም። መቀነቷን ፈታችና ጫፉን ዘረጋችለት።

«እዚህ አድርጋቸው። ዓይንህ እያየ ልቋጥራቸው።»

ይመር ጭብጡን ከፈተ። አንዱን ብር ወሰደችና ቋጠረች፤ አጥብቃ ቋጠረች። ሁለተኛውን ቋጠረች። አፈር ይወርዳል። ቋጠሮ ግን አላላላችም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ቋጠረች። አምስተኛው ከጣቷ አምልጦ አሸዋው ላይ ወደቀ። ተንበርክካ በጭለማው ዳሰሰች፤ አባቷ ከላይ ስሟን ይጠራል፤ ዳሰሰች፤ አገኘችው፤ ቋጠረችው። መቀነቱን ወገቧ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመችና እጁን ይዛ ቋጠሮዎቹ ላይ አሳረፈችለት።

«አሉ?» አለችው።

«አሉ» አለ። በሁለት እጁ ገመዱን ያዘ።

«አባዬ፣ ሳቡት!»

እሱ ሲነሣ ከጀርባው የነበረው አፈር ናደ። ትርንጎ እስከ ጉልበቷ ተያዘች። ብቻዋን ቀረች። የይመር እግሮች ከላይዋ እየተወዛወዙ ሰማዩን ጋረዱባት፤ ከዚያ ሰማዩ ተመልሶ ታየ። ድምፅሽን እንዳታጠፊ መባሏን አስታወሰችና «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» አለች። እግሯን እየነቀነቀች አወጣች። ገመዷ ተወጠረ። ግድግዳውን በእግሯ እየረገጠች ወጣች። አፋፉ ላይ የአባቷ እጅ ያዛት። እሷ ከወጣች በኋላ ጉድጓዱ አንድ ጊዜ ተነፈሰና እስከ ግማሹ በአፈር ሞላ።

አባትየው አልተቆጣትም፤ አላቀፋትምም። እጁን ዘረጋና የእሷን መዳፍ ገልብጦ አየው። ከዚያ ፊቱን ሸፈነ።

የይመር ሚስት ሰምታ መጥታ ነበር። ባሏን ቁርበት ላይ አስተኝተውታል፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ጎን ዞሯል። አስናቀ ከተዘረገፈው ብር በሁለት እጁ አፍሶ መጣና እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«ውሰጂው። ሁሉንም ውሰጂው።»

ሴትየዋ አየችው። «እኔ የባሌን እግር ልሸጥልህ አልመጣሁም» አለችው።

ልጁ ብሩን እንደያዘ ቀረ። የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

ትርንጎ መቀነቷን ፈታች። ቋጠሮዎቹ በእርጥበቱ ጠብቀው ነበርና በጥርሷ ፈታቻቸው። አምስቱን ብር አንድ በአንድ በሴትየዋ መዳፍ ላይ አኖረች።

«ይሄስ የምንድን ነው?»

«ይሄ የእሱ ነው» አለች ትርንጎ። «ወርዶ ያወጣው ነው። ሦስቱን ወንድሜ ወረወረ፤ ሁለቱን እኔ ነኝ። እንጨት ያስፈልጋል ብሎን ነበር። እንዲወርድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

 ሴትየዋ መዳፏን ዘጋች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ግን መዳፏን ዘጋች።

በማግስቱ አባትየው ልጆቹን ጠራ። ብሩ ሳጥኑ ውስጥ ተመልሷል። «ትናንት የሆነው ጥፋት የኔ ነው» አለ። «ገመዱን ከእጃችሁ ሳነሣ ድካሙን ብቻ ያነሣሁላችሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ከታች ሰው መኖሩንም አስረስቻችኋለሁ።» ከዚህ በላይ አልተናገረም። መቆፈሪያና ሞፈር አነሣና ወደ ይመር ማሳ ወሰዳቸው።

የይመር እግር ዳነ፤ ግን ጠማማ ሆኖ ቀረ፤ ዳግመኛ ጉድጓድ አልወረደም። በሬው ተገዛ፤ ጥቁር ነው። የቆፋሪው ልጆች በዚያ በሬ የይመርን መሬት ሁለት ዓመት አረሱ፤ ሁለተኛውን በሬ አባታቸው ጨመረላቸው። አስናቀ መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ በመንገድ ሲያልፉ ከሞፈሩ ጀርባ ይደበቅ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ትቶ ጠፍቶ በሳምንቱ ተመልሷል። እሱ ቶሎ የሚማር ልጅ አልነበረም። ትርንጎ ግን አባቷ ሳጥኑን ቁልፍ አሠርቶ ቁልፉን ሲሰጣት ተቀበለችው። ገበያ ስትወጣ ዋጋ መጠየቅ ጀመረች። ቅቤ ሻጯ ንፉግ ሆነች ብላ አማቻት። እሷ ግን ብዙ ጊዜ ከተጠየቀችው በላይ ትከፍል ነበር፤ ከመክፈሏ በፊት ግን ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት መንገድ ተሸክማው እንደመጣች ሴትየዋን ትጠይቃታለች።

ሽማግሌው ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ገበሬው ዞሩ።

«አሁን ወደ አንተ ልምጣ» አሉት። «ላሳያቸው ወይስ ልደብቃቸው ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ ሰው አልደበቀም፤ ልጆቹ ግን ብሩን እንጂ ሌላ አላዩም። ብትደብቅም ያው ነው፤ ያገኙት ቀን የሚያዩት ብሩን ብቻ ነው። ብር ሁልጊዜ ከበታቹ የቆመ ሰው አለው። ያንን ሰው ያላየ ልጅ፣ ክፉ ሳይሆን እንኳ፣ ብሩን ወደ ጉድጓድ ይወረውርና ሰው እንዲወርድለት ይጠብቃል። ያየው ልጅ ግን አፈር እየወረደበት እንኳ ይቋጥረዋል። ባንክ የገባልህ ገንዘብ ከምን ወጣ?»

ገበሬው አሰበ። «ከመሬቱ» አለ።

«መሬቱንስ መሬት ያደረገው ማን ነው?»

«አባቴ ነው። ድንጋይ ብቻ ነበር። ድንጋዩን ለቅሞ እርከን የሠራው እሱ ነው፤ ወገቡ የቀረው እዚያው ነው። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት…» 

«ልጆችህ ይህን ያውቃሉ?»

«ታናናሾቹ አያታቸውን አላዩትም።»

«መሬቱን የሚቆፍረው መኪና መቼ ነው የሚገባው?»

«ሰኞ ነው ያሉን።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እርከኑ ገና አልፈረሰም። ሦስቱንም ይዘሃቸው ውረድ። አባትህ ያነሣውን ድንጋይ በእጃቸው ያንሡት፤ ከብዷቸው ይጣሉት፤ እንደገና ያንሡት። የብሩን ነገር ከዚያ በኋላ እዚያው ቆመህ ንገራቸው።»

ገበሬው ደህና ዋሉ ማለቱንም ዘነጋ። ከበሩ ሲወጣ መሮጥ ጀምሮ ነበር።